አንድ ትራስ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ተመስገን» ይላታል። ስሟ አይደለም። ተመስገን ጭራሽ የወንድ ስም ነው፤ እሷ ግን አንድም ቀን ቅር ብሏት አያውቅም። ስሙ የወጣላት ለሰላምታ ከምትሰጠው መልስ ነው። እንዴት አደርሽ ሲሏት ተመስገን፣ ሥራ እንዴት ነው ሲሏት ተመስገን፣ ዝናቡ ገብቶ ጥጥሽን አበሰበሰው አሉ ሲሏትም ተመስገን ነው። አንድ ደንበኛዋ «ይቺ ሴትዮ እኮ ቤቱ ቢቃጠል ‹ተመስገን፣ ሞቀን› ነው የምትለው» ብሎ ቀልዶባታል። እሷም አብራው ስቃ ስታበቃ «ተመስገን፣ የሚቀልድብኝ አላጣሁም» አለችው።

ሥራዋ ትራስና ፍራሽ መሥራት ነው። ከባሏ ጋር የሚሠሩባት ክፍል ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር፣ መንገድ ዳር ናት። በሩ አጠገብ፣ ብርሃን በሚገኝበት በኩል፣ የባሏ የስፌት መኪና ተቀምጧል። ከጀርባው እስከ ጣሪያ የተከመረ ጥጥ አለ፤ መሀል ላይ ደግሞ እሷ ቁጭ ብላ ጥጡን የምታፍታታበት ሰፊ ምንጣፍ ተነጥፏል። እሱ ከረጢቱን ይሰፋል፣ እሷ ትሞላለች። ዝም ብላ ግን አትሞላም። ትራስ ሊያሠራ የመጣን ሰው አስቀድማ ትመረምረዋለች፦ በጎንህ ነው የምትተኛው በጀርባህ? አንገትህን ያምሃል? ታንኮራፋለህ? አላንኮራፋም ካልክስ ሚስትህን ጠይቀሃል? ከዚያ ትከሻውን በዓይኗ ለካ አድርጋ፣ በጎኑ ለሚተኛ ሞላ፣ በሆዱ ለሚተኛ ሳሳ አድርጋ ትሠራለች። ስትጨርስ ደንበኛውን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አጋድማ ታስሞክረዋለች። ሊሞክሩ ጋደም ብለው እንቅልፍ ይዟቸው የሄደ አሉ፤ እሷም ሳትቀሰቅሳቸው ሥራዋን ትቀጥላለች። የሰፈሩ ሰው እንዴት እንደሚተኛ አንድ በአንድ ታውቃለች። እሷን እንዴት ትተኛለሽ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ቀድሞ ባልና ሚስቱ የፍራሽ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ የተዋወቁትም እዚያው ነው። በፋብሪካው ዘመን የሕክምና ካርድ ነበራቸው። ጥርስ ሲያም፣ ዓይን ሲደክም፣ ካርዱን ይዞ መሄድ ብቻ ነበር። ስፖንጅ መጥቶ የጥጥ ሠራተኞች ሲሰናበቱ ካርዱም አብሮ ተሰናበተ። የስንብት ገንዘባቸው ለስፌት መኪናውና ለመጀመሪያው ጥጥ ዋለ። ከዚያ ወዲህ የጤና ኢንሹራንስ የሚባል ነገር ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ሲያማቸው ይተኛሉ፣ ሲሻላቸው ይነሳሉ። ይህ አኗኗር ለብዙ ዓመት አላሳፈራቸውም።

ነገሩ የጀመረው ከደረጃው ነው። ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እትዬ ተመስገን ጥጥ ተሸክማ ስትወጣ ስትወርድበት የኖረች ሴት ናት። በዚያ ዓመት ግን ደረጃው ረዘመባት። አንደኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ደረቷ ላይ ሰው የተቀመጠባት ይመስላታል። ደረጃ መሀል ቆማ ስታለከልክ መታየቱ ደግሞ አሳፈራት። እዚያ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በራቸውን ገርበብ አድርገው የሚውሉ አንዲት እማማ አሉ። «እንዴት ዋሉ እማማ?» ብላ በራቸው ላይ ደገፍ ትላለች። እማማ ወሬ ከተከፈተላቸው ከጉልበታቸው ጀምረው በልጃቸው በኩል አድርገው ውሃ እስከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ድረስ ይሄዳሉ፤ እሷ በዚያ መሀል «እህ... እህ» እያለች ትንፋሿን ትሰበስባለች። ውሎ አድሮ እማማ በሩ ላይ በርጩማ አወጡላት። «ከዚህ ሕንፃ ሰው መስሎ የሚያዋራኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ እድሜ ይስጥሽ» ብለው መረቋት። እትዬ ተመስገን ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ በርጩማው ላይ ግን ተቀመጠች።

ቀጥሎ የመጣው የመኝታው ነው። ጋደም ስትል አየር ያጥራታል፣ ቀና ስትል ይመለስላታል። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ሦስት ትራስ ይደራርብ ነበር፤ ሲደራርብም የቤቱ ሰው ያይበት ነበር። እሷ ግን የሙያው ሰው ናት፣ ትራስ መደራረብ ለእሷ ነውር ነው። በደንብ የተሠራ ትራስ አንድ ይበቃል ብላ ስንቱን ደንበኛ ተቆጥታለች። ስለዚህ ትራሷን ወደ ሱቅ ይዛ ወረደች፣ የአንዱን ጎን ስፌት ፈታችና ሁለት እፍኝ ጥጥ ጨመረችበት። ያን ቀን ደህና ተኛች። «ተመስገን፣ ለካ ትራሱ ነው» አለች። ወሩ ሳያልቅ ግን ሁለቱ እፍኝ አልበቃ አለ። እንደገና ፈታች፣ እንደገና ሞላች። ከረጢቱ ሲጠብባት በትልቅ ቀየረችው። ከጀርባ በኩል ወፈር፣ ወደ አንገቱ ሳሳ እንዲል ከውስጥ በስፌት ከፈለችው፤ መሥራቱ ካልቀረ ብላ አሳምራ ሠራችው። በመጨረሻ ትራሱ ወገቧን ሳይቀር የሚደግፍ ሆነና እትዬ ተመስገን መተኛት ቀርቶባት ተቀምጣ ማደር ጀመረች። ትራሱ ግን ያው አንድ ነው።

ባሏስ እንዴት ሳያውቅ ቀረ? የፋብሪካው ማሽን አንድ ጆሮውን ወስዶበታል። ማታ ደህናውን ጆሮውን ትራስ ላይ ጥሎ ስለሚተኛ ጣሪያው ቢወርድ አይሰማም። ትራሱንማ አይቶታል።

«ምንድነው ይሄ ጉድ?» አላት አንድ ቀን።

«አዲስ ዓይነት ነው። እየሞከርኩት ነው።»

በሙያዋ ስለሚያምንባት «እሺ» ብሎ ዞሮ ተኛ።

እንግዲህ ሐኪም ጋ ያልሄደችው ለምንድነው የሚል ይኖራል። ነገሩ ወዲህ ነው። የትናንሽ ሱቆች ማኅበር አባላቱን በሙሉ የጤና ኢንሹራንስ ውስጥ ሊያስገባ ነው የሚል ወሬ የመጣው ልክ ትንፋሿ ባጠረ ሰሞን ነበር። ወሬውን ያመጣው ጎናቸው ባለች ጠባብ ሱቅ ቁልፍ የሚቀርጸው ጎረቤታቸው ነው። ሰፈሩ «ራዲዮ» ይለዋል። ያልሰማው ነገር የለም፤ የሰማውንም ለብቻው ይዞ አያድርም።

«እትዬ፣ በዓመቱ መጨረሻ ይመዘግቡናል» አላት፣ የቁልፍ ብናኝ ከእጁ ላይ እያራገፈ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን አደራ፣ እስከዚያ ሐኪም ቤት የሚባል እንዳትረግጪ። ስምሽ አንዴ በሽተኛ ተብሎ ከተጻፈ አይቀበሉሽም። ባልሽንም አብረው ነው የሚሰርዙት።»

«ማን ነገረህ?»

«ይታወቃል እኮ።»

ራዲዮ ክፉ ሰው አይደለም። ከልቡ አምኖበት ነው የተናገረው፤ ያመነውን ደግሞ ለሚወደው ሰው ሳይነግር አይውልም። እትዬ ተመስገንን እንደ ታላቅ እህቱ ነው የሚያያት። እሷም ቃሉን እንደ መሐላ ያዘችው። ባሏ ራሱን ያዞረዋል፣ ግፊት ሳይኖርበት አይቀርም ትላለች፤ በእሷ የተነሳ እሱ ካርድ ቢያጣስ? ደግሞም ለጥጥ ማፍታቻ ማሽን ብለው ያስቀመጧት ገንዘብ አለች። ሐኪም ቤት ከተገባ መጀመሪያ የምትሄደው ያቺ ገንዘብ ናት። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። የዓመቱ መጨረሻ እስኪደርስ ትንፋሿን ልታቆይ ወሰነች፤ ትንፋሽ ቀጠሮ የሚያከብር ይመስል።

ወራቱ እንደዚህ ሄዱ። ጫማዋ ጠበባትና የባሏን ነጠላ ጫማ አደረገች። «እግርሽ ምን ሆነ?» ሲላት «ጫማው ነው፣ ዝናብ አኮማተረው» አለች። ጥጥ ስታፍታታ ታንጎራጉር የነበረችው ማንጎራጎሩን ተወች። ደንበኞች «ምነው ዝም አልሽ?» ሲሏት «ድምፄን እያሳረፍኩት ነው፣ ተመስገን» ትላለች። ውሸታም ሴት አይደለችም። ብቻ እያንዳንዱን ምልክት ለየብቻው ምክንያት ታበጅለታለች፤ አንድ ላይ ሰብስባ ማየቱን ግን ፈራችው።

የተጋለጠችው በደንበኛ ፊት ነው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት አስተማሪ ትራስ ልታሠራ መጣች። እትዬ ተመስገን እንደ ልማዷ «በጎንሽ ነው የምትተኚው ወይስ...» ብላ ጀመረችና የቀረው ቃል አልወጣ አላት። አፏ ተከፍቶ ቀረ። አስተማሪዋ ረስታው መስሏት «ወይስ በጀርባዬ?» ብላ ጨረሰችላት። ባሏ በዚያ መኪና ድምፅ ውስጥ ምንም አልሰማም፤ ግን ቀና ሲል ዓይኑ ከንፈሯ ላይ አረፈ። ከንፈሯ ጠቁሯል። እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ፤ መኪናው ቆመ።

«ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አላት።

«ደህና... ነኝ... ተመስገን።»

«ይቺን ለማለት ሦስቴ ተነፈስሽ።»

ባሏ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ክርክር አይወድም። አስተማሪዋን ይቅርታ ጠይቆ አሰናበተና በጠራራ ፀሐይ የሱቁን በር ወደ ታች ሳበው። ያ በር በሥራ ቀን ሲዘጋ ያየ ስላልነበረ ራዲዮ ቁልፉን ጥሎ ወጣ። እትዬ ተመስገን የባሏን ክንድ ይዛ፣ ወደ ደህናው ጆሮው ጠጋ ብላ ሁሉንም ነገረችው፤ ደረጃውን፣ መኝታውን፣ ኢንሹራንሱን፣ እሱም አብሮ ሊሰረዝ እንደሚችል። ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። እሱም እስክትጨርስ ጠበቃት።

«አንቺ ከሌለሽ እኔ በካርዱ ምን ልታከምበት ነው?» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እሷም ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም።

ክሊኒኩ ከሰፈሩ ጫፍ ላይ ያለች፣ ወረፋ ጠባቂዎች በመተላለፊያው ላይ ተሰልፈው የሚቀመጡባት ትንሽ ቤት ናት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ በዕድሜ ልጃቸው ልትሆን የምትችል።

«እናቴ፣ እንዴት ነዎት?»

«ተመስገን ልጄ።»

ሐኪሟ የሚቀጥለውን ጠበቀች። የሚቀጥል አልነበረም።

«ምን አመመዎት?»

«ይሄን ያህል እንኳን አይደለም። ሥራችን ጥጥ ነው፤ ብናኙ ትንፋሽ ይይዛል።»

«እግርዎ ያብጣል?»

«ጫማው ነው የጠበበኝ።»

«ሌሊት እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው የምተኛው።»

«ስንት ትራስ ነው የሚንተራሱት?»

እትዬ ተመስገን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ አለ። ይሄ የሙያዋ ጥያቄ ነው። «አንድ» አለች አፏን ሞልታ። «አንድ ብቻ ነው ልጄ። መደራረብ አንገት ያበላሻል። አንቺም እንዳትደራርቢ።»

ከሰጠችው መልስ ሁሉ ይሄ ብቻ ነበር ምንም ያልተቀነሰበት እውነት፤ ሊያጠፋት የነበረውም እሱ ነው። ሐኪሟ አንድ ብላ ጻፈች። ደረቷን አዳመጠች፣ ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ነገር ሰማች፤ ጥጥና ብናኙንም አሰበች። በአፍንጫ የሚሳብ መድኃኒት አስደርጋላት «እስቲ ለጊዜው ይሄን እንሞክር። እዚህ አልጋ ላይ ጋደም ብለው ይቆዩኝ፤ ከተሻለዎት ወደ ቤት ይሄዳሉ» ብላ ወደ ሌላ በሽተኛ ወጣች።

እትዬ ተመስገን ጋደም አለች፣ ወዲያው ተነሳች። ጋደም አለች፣ ተነሳች። ባሏ ደነገጠ።

«ምነው?»

«ትራሱ ነው» አለች እያለከለከች። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና እንኳን የክሊኒኩን ትራስ ገልብጣ ስፌቱን አየች። «ስፖንጅ ነው። ማን እንደሠራው... አላውቅም እንጂ... በሕይወቱ ተኝቶ አያውቅም።»

«የራስሽን ላምጣልሽ?»

«ብታመጣልኝማ።»

ባሏ ሄደ። ሲመለስ በመተላለፊያው የተቀመጡት ሰዎች እግራቸውን ሰበሰቡለት፤ ቤት የሚቀይር ሰው መስሏቸው ነበር። ትራሱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ፊቱ ግማሹ ተሸፍኖ፣ በአንድ ዓይኑ መንገዱን እያየ ነው የሚሄደው። በሩ ላይ ከሐኪሟ ጋር ተፋጠጡ።

«አባቴ፣ ፍራሽ ማስገባት አይቻልም።»

«ፍራሽ አይደለም። የባለቤቴ ትራስ ነው።»

ሐኪሟ ትራሱን አየችው፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ወደ ተቀመጠችው ሴት ዞረች። «እናቴ፣ አንድ ያሉኝ ትራስ ይሄ ነው?»

«አዎ» አለች እትዬ ተመስገን። «አንድ ነው።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ መያዝ አልቻለችም። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ነጠላ ጫማውን አስወልቃ ቅልጥሟ ላይ አውራ ጣቷን ጫን አደረገች። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«እስቲ ስለ ትራሱ ይንገሩኝ» አለቻት። «መቼ ነው የሠሩት?»

ስለ በሽታዋ ሲጠይቋት ተመስገን ብላ የምትዘጋው ሴት፣ ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ አንድም ነገር አላስቀረችም። ዝናቡ ሲጀምር ሁለት እፍኝ እንደጨመረች፣ ዝናቡ ሳያቆም ስፌቱን እንደገና እንደፈታች፣ ከረጢቱን መቼ እንደቀየረች፣ የመጨረሻውን ጥጥ የጨመረችው ባለፈው ሳምንት እንደሆነና እሱም እንደማይበቃት በየቃሉ እያረፈች ተናገረች። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ሰማቻት። የበሽታው ታሪክ ከነመጀመሪያው ከትራሱ ውስጥ ወጣ።

«ጥጡ አይደለም እናቴ» አለቻት ስትጨርስ። «ልብዎ ደክሟል። ልብ ሲደክም ሳንባ ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ሲጋደሙ የሚያፍንዎት እሱ ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይገባሉ።»

«ኢንሹራንስ የለንም ልጄ። በዓመቱ መጨረሻ ይመዘግቡናል። እስከዚያ በዚህ ትራስ...»

«እናቴ» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ፣ «በዚህ ትራስ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይደርሱም።»

ባሏ ትራሱን እንዳቀፈ ነው። እትዬ ተመስገን እሱን አየችው፤ ያን ሁሉ ወር ካርዱን ልታተርፍለት ስትል ሚስት ልታሳጣው እንደነበር ያኔ ገባት። «እሺ» አለች።

ሐኪሟ እዚያው ስልክ አነሳች። አንዱ ሆስፒታል አልጋ የለም ሲላት ሌላው ጋ ደወለች፤ እስክታገኝ አልተቀመጠችም። በር ድረስ ሸኘቻቸው፣ ትራሱም አብሮ እንዲሄድ ለአምቡላንሱ ሠራተኛ ራሷ ነገረችላቸው። ክፍያ ሲያነሱባት «ሲድኑ ትራስ ይሠሩልኛል፤ በሆዴ ነው የምተኛው» አለች።

የሆስፒታል ቆይታዋ በአብዛኛው ሽንት ቤት መመላለስ ነበር። መድኃኒቱ ውሃውን ያወጣዋል ብለዋት ነበር፤ አወጣው። «ይሄን ሁሉ ውሃ ተሸክሜ ነው ደረጃ ስወጣ የነበረው?» ብላ ነርሷን አሳቀቻት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ባሏ ሲመጣ ተኝታ አገኛት። ትራሷ ላይ ግን አልነበረችም፤ በእንቅልፍ ልቧ ተንሸራታ ፍራሹ ላይ ዝርግት ብላለች። የሞተች መሰለው። ጎንበስ ብሎ ደህናውን ጆሮውን ወደ አፏ አስጠጋ። ትተነፍሳለች፤ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ ትንፋሽ። ያ ዝምተኛ ሰው እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ለጥጥ ማፍታቻው ማሽን ያስቀመጧት ገንዘብ ሄዳለች፣ የቀረውን ሆስፒታሉ በየወሩ እንዲከፍሉ ፈቅዶላቸዋል። ያን ጊዜ ግን ትዝም አላለው።

ራዲዮ የመጣው በማግስቱ ነው። በር ላይ ቆሞ አልገባ አለ። ሁልጊዜ ወሬው ቀድሞት የሚገባ ሰው ዛሬ ብናኝ የሌለበትን እጁን ያራግፋል።

«ማኅበሩ ቢሮ ሄጄ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ቢታመምም ባይታመምም እንመዘግባለን ነው የሚሉት። እንዲያውም... መጨረሻውን መጠበቅም አያስፈልግም ነበር። በግል መጥታ ብትጠይቅ ያኔውኑ እንመዘግባት ነበር አለችኝ የቢሮው ሴትዮ።»

እትዬ ተመስገን ከትራሷ ቀና አለች። ተመስገን አላለችም። ተናደደች፤ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። ያ ደረጃ፣ ያ በርጩማ፣ ተቀምጣ ያደረችው ሁሉ ለከንቱ ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪም ጠዋት የነገራትም ነበር፤ ልብሽ ያጣው ጉልበት ሁሉ አይመለስም፣ ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ ብሏታል። ይሄን ሁሉ በራዲዮ ላይ ልታወርድበት አፏን ከፈተችና አየችው። ልጁ ደቋል። ደግሞስ ሄዳ መጠየቅ የማን ፋንታ ነበር? ቢሮው ከሱቋ ብዙ አይርቅም።

«ና ቁጭ በል» አለችው። «ለእኔ ብለህ ነው፤ እሱን አውቃለሁ። ግን ከእንግዲህ ‹ይታወቃል› ስትል ማን እንደሚያውቀው ጨምረህ ንገረን።»

አሁን ቤቷ ከገባች ቆይታለች። ካርዱም መጥቷል፤ የእሷም የባሏም። ጥጥ ማፍታታት ተከልክላለች። በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት የሚያፍታታላት ራዲዮ ነው፤ በግድ አይደለም፣ ራሱ መጥቶ ነው የጥጥ መምቻ ዱላውን ከእጇ የቀማት። ብናኙ እንዳይገባበት አፉን በጨርቅ አስሮ ስለሚሠራ በዚያ ሰዓት ወሬ አይተላለፍም። እውነቱን ለመናገር ሲያፍታታ ጥጡን ይቋጥረዋል፤ እሷ ከኋላው እየፈታች ትሞላለች። ለክሊኒኳ ሐኪም የተሠራው ሳሳ ያለ ትራስ የመጀመሪያው ሥራዋ ነበር። በስፌቱ ላይ ከወትሮው የበለጠ ተጠንቅቃበታለች።

አንደኛ ፎቅ ላይ አሁንም ትቆማለች። አንድ ቀን በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ለእማማ ሁሉንም ተናዘዘች። «ይቅር ይበሉኝ እማማ። መጀመሪያ የመጣሁት እርስዎን ብዬ አልነበረም፣ ለትንፋሼ ነው።»

«አውቃለሁ እኮ» አሉ እማማ። «ወሬ ሊሰማ የመጣ ሰው እንደዚያ አያለከልክም። በርጩማውን ለምን ያወጣሁልሽ መሰለሽ?»

እትዬ ተመስገን በርጩማዋን ወደ እማማ ጠጋ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ስትወርድም ጭምር እዚያ በር ላይ ትቀመጣለች፤ ወደ ታች መውረድ ደግሞ ትንፋሽ አያሳጥርም።

ትራሱንም ባሏ ነው የሚያጎድለው። ሻል ባላት ቁጥር ስፌቱን ፈቶ እፍኝ ጥጥ ያወጣል፣ መልሶ ይሰፋዋል። የወጣውን ጥጥ አልሸጠውም፤ ከረጢት ውስጥ አስቀምጦታል። ትራሱ እስከ ግማሽ ድረስ ወርዷል። እንደ ሰው ትራስ ጠፍጣፋ ይሆናል ወይ ብላ ሐኪሟን ስትጠይቃት «ላይሆን ይችላል፤ ግን አሁን ያለበት ጥሩ ነው» አለቻት። በዚያው ቀን ሐኪሟ ሌላም ነገር አዝዛላታለች። ይህ ትእዛዝ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የለም፤ ተመስገን ከመጨረሻ ይሁን፣ መጀመሪያ ያመመዎትን ይናገሩ የሚል ነው።

ትእዛዙን የሚያስፈጽመው ባሏ ነው። ማታ መብራቱን ከማጥፋቱ በፊት ወደ እሷ ይዞራል።

«እንዴት ነሽ?»

«ተመ...» ትላለች፤ ዕድሜ ልክ የለመደ አፍ ነው። ከዚያ ትመልሰዋለች። «ጠዋት ደረጃው ላይ አንዴ ቆሜያለሁ። ግራ እግሬ ትንሽ አበጥ ብሏል። ትናንት ሌሊት ግን አንዴም አልነቃሁም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«በይ አሁን በይው።»

«ተመስገን» ትላለች።

ባሏም መብራቱን ያጠፋና ደህናውን ጆሮውን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛል።